ነጭ ፈሳሽ፦ አንድ ስም፣ ብዙ ታሪክ



የማኅበራችንን የድንገተኛ ብድር መዝገብ መያዝ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በቅጹ ላይ «የብድሩ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ለልጅ ዩኒፎርም፣ ለቤት ኪራይ፣ ለለቅሶ የሚወሰደው ብድር ሁሉ ምክንያቱ በግልጽ ይጻፋል። «ለሕክምና» የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ብዕር ይቆማል። የምን ሕክምና እንደሆነ መጠየቅ የእኔ ሥራ ስላልሆነ አልጠይቅም። ነገር ግን ስብሰባው አልቆ፣ ቡናው ተነስቶ፣ ሰዉ ሲበተን አንዷ ወደ ኋላ ትቀርና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነጭ ነገር ይፈሰኛል፤ በሽታ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። ይህንን ጥያቄ ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ የምንፈራው አንድ ስም አለ፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ይባላል። ትክክለኛው ወጪ፣ ስህተቱና ጉድለቱ በዚህ አንድ ስም ሥር ከተጻፉ ኦዲተር ቢመጣም ለመለየት ይቸገራል። «ነጭ ፈሳሽ» የሚለውም ስም እንደዚሁ ነው። ጤናማው የሰውነት እርጥበት፣ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚድነው ሕመም፣ ሕይወት የሚያሳጣውም ካንሰር በዚህ አንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። እነዚህ እንዴት እየተለያዩ እንደመጡ ሳነብ ታሪኩ የሳይንቲስቶች ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የእኛም ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ብዬ ካላመለከትኩ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም በሽታ የነበረበት ዘመን

የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ከሴት ብልት የሚወጣውን ነጭ ፈሳሽ በቋንቋቸው «ነጭ ፍሰት» ብለው ሰየሙት። ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት «ሌውኮሪያ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን እምነት የሰው ጤና የሚጠበቀው በሰውነት ውስጥ ያሉት ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ሚዛን ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ የሚፈሰው ነገር ሁሉ የተበላሸ ሚዛን ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። በሁለተኛው መቶ ዘመን በሮም ይሠራ የነበረው የኤፌሶኑ ሶራኑስ ስለ ሴቶች ሕመም ትልቅ መጽሐፍ ቢጽፍም፣ በዓይን ከሚታየውና በእጅ ከሚዳሰሰው አልፎ ለመለየት መሣሪያ አልነበረውም።

ይህ አመለካከት ከ1,500 ዓመት በላይ ቆየ። በ19ኛው መቶ ዘመን እንኳ አንዳንድ የአውሮፓ ሐኪሞች ፈሳሽ አለብኝ ብላ የመጣችን ሴት የማህፀን በር ላይ አልቅት ያስቀምጡ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ በብር ናይትሬት ያቃጥሉት ነበር። ከታከሙት መካከል የታመሙ ነበሩ፤ ምንም በሽታ የሌለባቸውም እንደነበሩ አያጠራጥርም። ሁለቱን የሚለይ ሰው ስላልነበረ ሁለቱም ተቃጠሉ።

የሃይማኖት ትምህርቶቻችን በዚህ ረገድ የተሻለ ጥንቃቄ ነበራቸው ማለት እችላለሁ። ሙስሊም እህቶቻችን የወር አበባን «ሐይድ»፣ ከጊዜው ውጭ የሚመጣውን ደም ደግሞ «ኢስቲሓዳ» ብለው ለይተው ይማራሉ። በወንጌል የተጻፈችውን፣ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውንም ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። ገንዘቧን ሁሉ ለሐኪሞች ጨርሳ የባሰባት እንጂ የተሻላት አልነበረም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከሰው ተደብቃ ከኋላ መምጣቷ ነው። ያ መደበቅ ዛሬም አልቀረም።

አጉሊ መነጽሩ ምን አሳየ?

በ1836 አልፍሬድ ዶኔ የተባለ የፓሪስ ሐኪም የሥራ ባልደረቦቹ ያላሰቡትን አደረገ። ከሕመምተኞች ብልት የወሰደውን ፈሳሽ ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ተመለከተው። በጠብታው ውስጥ ጭራ ያላት፣ የምትንቀሳቀስ አንዲት ጥቃቅን ነፍስ አየ። ዛሬ ትሪኮሞናስ የምንላት እሷ ናት። ከጀርሞች ጋር በሽታ ይያያዛል የሚለው ትምህርት ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ ይህን ማየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ግኝቱ ለረጅም ጊዜ በቁም ነገር አልተወሰደም። ብዙ ሐኪሞች ትሪኮሞናስን ምንም ጉዳት የሌላት እንግዳ አድርገው ቆጠሯት፤ በሽታ አምጪነቷ የታመነው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው።

በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የጨብጥን ጀርም ለየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1881፣ በላይፕዚግ የወሊድ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ካርል ክሬዴ ሌላ ነገር አሳተመ። የእናትየዋ ፈሳሽ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑን ዓይን በክሎ እስከ መታወር እንደሚያደርስ ይታወቅ ነበር። ክሬዴ እያንዳንዱ ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ አደረገ። በሆስፒታሉ ከመቶ ሕፃናት አሥር ያህሉን ይይዝ የነበረው የዓይን ሕመም ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። የሴቶችን ማህፀን ሲያቃጥል የኖረው ያው መድኃኒት፣ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ የሕፃናትን ብርሃን አዳነ። በጤና ጣቢያ የወለዳችሁ እህቶች፣ አዋላጇ በልጃችሁ ዓይን ውስጥ የቀባችው የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው።

ጤናማው ፈሳሽ ስሙን አገኘ

እስካሁን የተቆጠረው በሽታው ነበር። ጤናማውን ለይቶ መግለጽ የተቻለው በ1892 ነው። አልበርት ዶደርላይን የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም የሚያሳስበው ወላዶችን ይገድል የነበረው የአራስ ትኩሳት ነበር። ለዚህ ሲል የብልትን ፈሳሽ ሲመረምር፣ በጤነኛ ሴቶች ፈሳሽ ውስጥ ዘንግ የመሰሉ ባክቴሪያዎች በብዛት አገኘ። እነዚህ ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ጎጂ ጀርሞች እንዳይራቡ ያደርጋል። ዛሬ ላክቶባሲለስ ይባላሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ወተት ወደ እርጎ የሚለወጠውና ሊጡ የሚኮመጥጠው የዚሁ ዓይነት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ስለሚሠሩ ነው። እርጎ ከጥሬ ወተት ይልቅ የሚቆየው ኮምጣጣው ሌላውን ተባይ ስለሚከለክል ነው። የሴት ብልትም ራሱን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባለች ሴት የብልቱ የአሲድ ልኬት ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበረታል ማለት ነው። (ይህን ሰምታችሁ እርጎውን ወደዚያ እንዳትወስዱት አደራ፤ እርጎ ለገበታ ነው።)

ስለዚህ ፈሳሽ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጤናማው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ በውስጥ ልብስ ላይ ሲደርቅ ትንሽ ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። ሽታው ቀላል ነው ወይም የለውም፤ አያሳክክም፣ አያቃጥልም። በወሩ ውስጥም ይለዋወጣል። የወር አበባ ካበቃ በኋላ ይቀንሳል። እንቁላል በሚወጣበት ጊዜ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚለጠጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወፈር ይላል። በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ካረጡ በኋላ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ እርጥበቱም አብሮ ያንሳል። አዲስ የተወለደች ሴት ልጅ እንኳ ከእናቷ በወረሰችው ሆርሞን ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ፈሳሽ ልታሳይ ትችላለች፤ እናት በዚህ መደንገጥ የለባትም።

ታዲያ ከስብሰባ በኋላ ወደ ኋላ ቀርተው ከሚጠይቁኝ መካከል ጥቂት የማይባሉት የሚነግሩኝ ይህንኑ ጤናማ ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም። ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ እንዳሳለፉ ሳስብ ያሳዝነኛል።

እፍረት የተሸጠበት ገበያ

ዶደርላይን ያንን ከጻፈ በኋላ ነገሩ እዚያ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን የሴትን እፍረት የሚገዛ ገበያ ነበር። በአሜሪካ ላይሶል የሚባለው ፀረ ተባይ ፈሳሽ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለሴቶች የውስጥ መታጠቢያ ተደርጎ በሴቶች መጽሔቶች ላይ በሰፊው ይተዋወቅ ነበር። ይህ ወለልና መጸዳጃ ቤት የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። ማስታወቂያዎቹ ባሏ ፊቱን ያዞረባትን ሚስት ያሳዩና ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ንጽሕናዋን እንዳልጠበቀች ይነግሯት ነበር። እርግዝና ይከላከላል የሚለውም መልእክት በዘወርዋራ ይተላለፍ ነበር፤ እውነት ግን አልነበረም። አሳዛኙ ነገር ጉዳቱ ከዚያ በፊት መታወቁ ነው። እስከ 1911 ድረስ ሐኪሞች 193 የላይሶል መመረዝ አደጋዎችን፣ በማህፀን እጥበት ምክንያት የሞቱ 5 ሴቶችንም መዝግበው ነበር።

የዚህ ገበያ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ጤናማውን ፈሳሽ «ቆሻሻ» ብለህ ትሰይመዋለህ፤ ማጠቢያውን ትሸጣለህ። ማጠቢያው ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ያጥባቸዋል። ኮምጣጣነቱ ሲጠፋ እውነተኛው ሽታና ሕመም ይመጣል። ሴትየዋም ተመልሳ ሌላ ማጠቢያ ትገዛለች። እንዲህ ያለ ወጪ ራሱን እየወለደ ይሄዳል።

እኛም ቤት ከዚህ ነፃ አይደለንም። ሽታ ባለው ሳሙና፣ በጨው ውሃ፣ በሎሚ፣ ቁስል በሚታጠብበት ፈሳሽ ሳይቀር ወደ ውስጥ የሚታጠቡ አሉ። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። በውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ከመጸዳጃ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ የጥጥ የውስጥ ልብስ መልበስ ይበቃል። ወደ ውስጥ መታጠብ ያለውን ሽታ ለጥቂት ሰዓት ይሸፍን ይሆናል፤ ሕመሙን ግን አይፈውስም። እንዲያውም ኢንፌክሽኑን ወደ ማህፀን ሊያስገባው ይችላል።

ሦስቱ ሕመሞች እንዴት ተለዩ?

የ1950ዎቹ ዓመታት ለዚህ ታሪክ ትልቅ ናቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ «ልዩ ልዩ» የተባለው መዝገብ በሦስት ተከፈለ።

አንደኛው ፈንገስ ነው። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን ሁለቱም ለኒው ዮርክ ግዛት የጤና ቢሮ ይሠሩ ነበር፤ አንዷ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ በኦልባኒ። ሄዘን ከየቦታው የመጣ አፈር እየመረመረች ፈንገስ የሚገድል ነገር ስታገኝ በጠርሙስ አድርጋ በፖስታ ትልከዋለች። ኬሚስቷ ብራውን ንጥረ ነገሩን ለይታ በፖስታ ትመልስላታለች። የሚፈልጉት የተገኘው ሄዘን ከጓደኞቿ እርሻ በወሰደችው አፈር ውስጥ ነው። በ1950 ለዓለም ያስታወቁትን መድኃኒት ለሚሠሩበት ግዛት መታሰቢያ «ኒስታቲን» አሉት። ለሰው ሕመም አስተማማኝ ሆኖ የተገኘ የመጀመሪያው ፀረ ፈንገስ አንቲባዮቲክ ነበር። ከመድኃኒቱ ባለቤትነት የተገኘው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ለምርምር እርዳታ ዋለ፤ ሁለቱ ሴቶች ለራሳቸው አልወሰዱም። የማኅበር ገንዘብ ለምይዝ ለእኔ ይህ ትልቅ ምሳሌ ነው። የፈንገስ ፈሳሽ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ነው፤ ብዙ ሽታ የለውም፤ ግን አጥብቆ ያሳክካል፣ ሽንት ሲያልፍም ያቃጥላል። በእርግዝና፣ ስኳር በሽታ ባለባቸው፣ ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ በወሰዱ ሴቶች ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ነው። ከ1955 በፊት ሐኪሞች ፈንገስም ትሪኮሞናስም ያላገኙባትን ሴት «ምክንያቱ ያልተለየ ብግነት» ብለው ይመዘግቧት ነበር፤ ያውላችሁ የሐኪሞቹም «ልዩ ልዩ»! በዚያ ዓመት ሄርማን ጋርድነርና ቻርልስ ዱክስ የተባሉ የሂዩስተን ሐኪሞች ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ ባክቴሪያ ለዩ፤ በኋላ በጋርድነር ስም ተሰየመ። ቆይቶ የተደረገው ጥናት ነገሩን አሰፋው። ችግሩ የአንድ ጀርም ብቻ አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ላክቶባሲለሶች ተመናምነው ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች ቦታቸውን ሲይዙ የሚመጣ ነው። ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ቀመስ ነው። ሽታው የዓሣ ሽታ ይመስላል፤ ከግንኙነት በኋላ ይበረታል። በ1983 አምሰልና ባልደረቦቹ አራት የመለያ ምልክቶች አወጡ፤ የፈሳሹ መልክ፣ የአሲድ ልኬቱ ከ4.5 በላይ መሆን፣ የዓሣ ሽታውና በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ልዩ ሕዋሳት። ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ሕመሙ አለ ይባላል። እነዚህ መለኪያዎች ዛሬም ይሠራባቸዋል።

ሦስተኛዋ ያቺው ዶኔ በ1836 ያያት ትሪኮሞናስ ናት። እሷን የሚገድል የሚዋጥ መድኃኒት የተገኘው ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1959 በፈረንሳይ ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት ትሪኮሞናስን እንደሚያድን ተረጋገጠ። ይህ ሁላችንም ለአሜባና ለጃርዲያ የምናውቀው መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ግን ለሴቶች ፈሳሽ ነበር። የትሪኮሞናስ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያደላል፣ አረፋ ሊኖረው ይችላል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። በግንኙነት ይተላለፋል፤ በወንዶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ለዚህ ነው ሚስት ብቻዋን ታክማ ባል ሳይታከም ሲቀር ሕመሙ የሚመለሰው።

ሦስቱ ሕመሞች ሦስት ዓይነት ሕክምና አላቸው። የፈንገስ መድኃኒት ትሪኮሞናስን አያድንም፤ ለባክቴሪያ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ ፈንገስን ሊያባብስ ይችላል። ለጎረቤት የሠራው ክኒን ለእኛ የማይሠራው፣ ለፋርማሲው በግምት ነግረን የገዛነው መድኃኒት ገንዘባችንን የሚያባክነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአንዲት ሚስት ናሙናና የእታታ ዝምታ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ።

ጆርጅ ፓፓኒኮላው የግሪክ ተወላጅ ሐኪም ነበር፤ በ1913 ከሚስቱ ከአንድሮማኬ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። በእንስሳት ላይ የጀመረውን የብልት ፈሳሽ ምርመራ ወደ ሰው ሲያሸጋግር የሚስቱን ናሙና ወሰደ። አንድሮማኬ በቤተ ሙከራው አብራው ትሠራ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም የራሷን ፈሳሽ ናሙና ለምርምሩ ትሰጠው ነበር። የጤነኛ ሴት ሕዋስ ምን እንደሚመስል በሚገባ ያወቀው ከእሷ ነው። ከዚያ በኋላ የማህፀን በር ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ናሙና ሲያይ የተለወጡትን ሕዋሳት ለየ። በ1928 ይህን ሲያስታውቅ የተቀበለው ጥቂት ነበር። በ1943 ከኸርበርት ትራውት ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ግን ምርመራውን በዓለም አሰራጨ። በስሙ «ፓፕ» የሚባለው ምርመራ ይህ ነው። በ1983 ደግሞ ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በማህፀን በር ካንሰር ውስጥ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 16 ማግኘቱን አስታወቀ፤ በዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

እታታ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ካረጠች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ቀን ልብሷን ሳጥብላት ሮዝ ቀለም ያለው ውሃ መሳይ ነገር አየሁበትና «እታታ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። «የእርጅና ነው ልጄ፣ ተይው» አለችኝና ልብሱን ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ የውስጥ ልብሷን ራሷ፣ በሌሊት ታጥብ ጀመር። ሽቶ ትቀባለች፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች፤ ቡና ሲጠጣ ከሰው ራቅ ብላ ትቀመጣለች። እኛ እርጅና መሰለን። ሆስፒታል የደረሰችው ወገቧ አላስነሳት ሲል ነው። ያየቻት ሐኪም የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፈሳሹ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?» የሚል ነበር። እታታ ወደ እኔ አየች። እኔም መልሱን አውቅ ነበር፤ ዓመት አልፎታል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

የማህፀን በር ካንሰር የሰውነት መከላከያዋ ባልተዳከመ ሴት ላይ ለመፈጠር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ዓመት መከላከያ ጊዜ ነው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው እሱ ነው። ለምርመራው ትልቅ ላቦራቶሪ የግድ አያስፈልግም። በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ምርመራ የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ነካ አድርጎ ማየት ነው። የተለወጠው ቦታ በደቂቃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ገና ካንሰር ሳይሆንም ሊወገድ ይችላል። ዕድሜያችን ከ30 እስከ 49 የሆንን ምንም ሕመም ሳይሰማን ልንመረመር ይገባል። ለልጆቻችን ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ክትባቱ መሰጠት ተጀምሯል፤ ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር።

ዛሬ በእኛ ዘንድ

ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ የጤና ባለሙያዎች ምልክቱን አይተው መድኃኒት እንዲሰጡ የሚያደርግ አሠራር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ነው፤ በአገራችንም ይሠራበታል። ብዙ ሰው አድኗል። ለሴቶች ፈሳሽ ግን ድክመት እንዳለው ይታወቃል፤ ፈሳሽ ያላት ሴት ሁሉ የአባላዘር በሽታ የለባትም፤ የአባላዘር በሽታ ያለባትም ሁሉ ፈሳሽ አታሳይም። ስለዚህ ድርጅቱ በ2021 ባወጣው መመሪያ ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ በምርመራ እንዲረጋገጥ መክሯል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «የአባላዘር ነው» የሚል አንድ ቃል ትዳር ያፈርሳል። ፈንገስ ወይም የባክቴሪያ መዛባት መገኘቱ ብቻውን አንዱ ወገን ከትዳር ውጭ ሄዷል ማለት አይደለም። ይህን ባሎቻችንም ቢያውቁት መልካም ነው። ስለዚህ ስንታከም «የተገኘብኝ የትኛው ነው? ባለቤቴም መታከም አለበት ወይ?» ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

ሳይዘገይ መታየት ያለበት ፈሳሽ እንደሚከተለው ነው፦

– ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫ ወይም ግራጫ የተለወጠ፣ ወይም እንደ አይብ የሆነ፤
– መጥፎ ሽታ ያመጣ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል፤
– ከትኩሳት ወይም ከሆድ በታች ሕመም ጋር የመጣ፤
– በእርግዝና ጊዜ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውሃ የሚፈስ፤
– ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም ያለበት፤
– ካረጡ በኋላ የመጣ ደም ወይም ሮዝ ፈሳሽ፣ ጠብታም ቢሆን።

የመጨረሻውን ስጽፍ እታታን እያሰብኩ ነው። «የእርጅና ነው» የሚባል ደም የለም።

ከላይ የጻፍኩት ታሪክ ብዙ ሰው አለበት። መድኃኒት ያገኙት፣ ገንዘቡን ለሌላው የተዉት፣ ናሙናዋን ለዓመታት የሰጠችው ሁሉ አሉበት። ከሁሉም የምረዳው አንድ ነገር ነው፤ ፈሳሽ ታይቶና ተለይቶ ሲጠራ ሰው ይድናል፣ ተደብቆ በአንድ ስም ሲጠቀለል ሰው ይሞታል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በብድር ቅጻችን ላይ «ለሕክምና» ከሚለው ለይተን «ለሴቶች ጤና ምርመራ» የሚል የራሱ መስመር እንክፈት። ከዚህ መስመር የሚወሰድ ብድር ወለድ አይኑረው፤ ዝርዝሩም አይጠየቅ። ደጋፊዎቻችንም የሚሰጡት ገንዘብ ስንት እህቶችን ለምርመራ እንዳደረሰ ከሪፖርታችን ላይ በቁጥር ማየት ይችላሉ። ወጪውን ከ«ልዩ ልዩ» አውጥቶ በስሙ መመዝገብ የእኔ ድርሻ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለ እፍረት መፈረም ደግሞ የእናንተ ይሁን።